ስም ወይስ ትእዛዝ? የድር አድራሻ የፕሮግራም ፈንክሽን መጥሪያ የሆነበት ታሪክ

በብራውዘር ራስጌ ላይ የምትታየው አንዲት መስመር፣ ማለት የድር አድራሻ፣ በመልኳ ትንሽ ብትሆንም ሁለት ሸክም ተሸክማለች። በአንድ ወገን ስም ናት፤ አንድን ጽሑፍ ወይም አንድን መዝገብ ከሌላው ለይታ ታስጠራለች። በሌላ ወገን ትእዛዝ ናት፤ በሩቅ ያለ ሰርቨር አንድ ፕሮግራም አስነሥቶ እንዲያሠራ ታደርጋለች። የስምና የትእዛዝ ጠባይ ግን አንድ አይደለም። ስም በቈየ መጠን ይከበራል፤ ትእዛዝ የሚፈለገው ለጊዜው ነው። ስምን ማንም ቢጠራው ጕዳት የለውም፤ ትእዛዝን ግን መስጠት ያለበት ሥልጣን ያለው ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ጠባዮች በአንዲት መስመር ላይ ሲገናኙ የተነሣውን ክርክርና ክርክሩ የወለደውን የአጻጻፍ ሥርዐት ከ1989 እስከ 2018 ድረስ መከተል የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

አስቀድመን ቃላቱን እንወስን። ፈንክሽን የምንለው በፕሮግራም ውስጥ የራሱ ስም ያለው፣ ሲጠራ ግብአት ተቀብሎ አንድ የተወሰነ ሥራ የሚሠራ ክፍል ነው። ስክሪፕት የምንለው ሰርቨሩ ጥያቄ ሲመጣለት አስነሥቶ የሚያሠራው ፕሮግራም ነው። ፍሬምዎርክ የምንለው ደግሞ የድር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ የሚደጋግሙትን ሥራ አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ማዕቀፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ለምሳሌ ያህል የምንጠቅሳቸውን አድራሻዎች ከአንድ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እንደ ተወሰዱ አድርገን በፊደላችን ጽፈናቸዋል።

የምንደርስበትን ሐሳብ ከወዲሁ ብናስታውቅ ለአንባቢ ይቀላል። የአድራሻ አጻጻፍ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የእዝባርና የጥያቄ ምልክት አቀማመጥ ብቻ ይመስላል። በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን የስሙ ባለቤት ማን ነው የሚል ነው። የፕሮግራሙ ውስጣዊ ስም እንዳለ የሕዝብ አድራሻ እንዲሆን በተደረገ ቍጥር ሁለት ጕዳት ሲከተል እናያለን፤ ያልታሰበ በር ይከፈታል፤ ፕሮግራሙም በታደሰ ጊዜ የቀድሞው አድራሻ ይሞታል።

፩. ከፋይል ስም የተወለደ አድራሻ

እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን፣ ማለት በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሲሠራ በማርች 1989 የድርን ሐሳብ በጽሑፍ ለአለቆቹ አቀረበ። በ1990 መጨረሻ የመጀመሪያው ሰርቨርና የመጀመሪያው ብራውዘር ይሠሩ ነበር፤ በ1991 ደግሞ ሥራው ከሰርን ውጭ ላሉ ሰዎች ተገለጠ።

አድራሻው ከባዶ አልተፈጠረም። በእዝባር እየተከፈለ ከትልቁ ወደ ትንሹ የሚወርደው መንገድ ዩኒክስ ከተባለው የኮምፒዩተር ሥርዐት የፋይል ስም የተወሰደ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የሚታዩት ሁለት እዝባሮች አፖሎ ከተባለ የኮምፒዩተር ሥርዐት ልማድ የመጡ ናቸው፤ በርነርስ ሊም በ2009 እነዚህ ሁለት እዝባሮች ባይኖሩም ይቻል እንደ ነበረ ተናግሯል። እንግዲህ አንባቢ «/ማውጫ/ታሪክ.ኤችቲኤምኤል» የሚል አድራሻ ባየ ጊዜ በሰርቨሩ ውስጥ «ማውጫ» የሚባል ሣጥን፣ በሣጥኑም ውስጥ «ታሪክ» የሚባል ወረቀት ያለ ቢመስለው አያስደንቅም። ብዙ ጊዜም ነገሩ እንዲሁ ነበር።

ነገር ግን ደንቡ እንዲህ አላለም። በደንቡ መሠረት ከሰርቨሩ ስም በኋላ ያለውን መንገድ የሚተረጕመው ሰርቨሩ ብቻ ነው። ብራውዘሩ መንገዱን ያደርሳል እንጂ ትርጕሙን አይጠይቅም። የፋይል ስም ይሁን፣ የመዝገብ ቍጥር ይሁን፣ የፕሮግራም ስም ይሁን ለጠያቂው አይታወቅም፤ እንዲታወቅም አያስፈልግም። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ የተወለደው ከዚህ ነጻነት ነው።

ነጻነቱም ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። ድሩ በሰርን ሠራተኞች ዘንድ ጥቅሙ መጀመሪያ የታወቀው በድርጅቱ የስልክ ማውጫ ነው። በርንድ ፖለርማን ማውጫውን ከትልቁ ኮምፒዩተር ወደ ድር የሚያወጣ ሰርቨር ሠራ። ለእያንዳንዱ ስም የተቀመጠ ፋይል አልነበረም፤ ጥያቄ ሲመጣ ፕሮግራም ፈልጎ ይመልስ ነበር። እንግዲህ አድራሻ የፕሮግራም መጥሪያ የሆነው በኋለኛው ዘመን ተበላሽቶ ሳይሆን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው።

፪. የጥያቄ ምልክትና ስክሪፕት

ፍለጋ ሲመጣ አንድ ችግር ተከተለ። ጠያቂው የሚፈልገውን ቃል በአድራሻው ላይ የት ያስቀምጠው? የተመረጠው የጥያቄ ምልክት ነው። አንድ ገጽ ሊፈለግበት የሚቻል መሆኑን ካስታወቀ ብራውዘሩ ለአንባቢ የመጻፊያ ቦታ ይሰጠዋል፤ የተጻፉትንም ቃላት ከጥያቄ ምልክት በኋላ በመደመር ምልክት እያያያዘ ይልካል። «/ስልክ?ሒሳብ+ክፍል» እንደ ማለት ነው። እነሆ አድራሻው ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ተከፈለ፤ ከምልክቱ በፊት ያለው የሚጠየቀው ነገር፣ ከምልክቱ በኋላ ያለው የጥያቄው ቃል ሆነ።

ይሁን እንጂ ሰርቨሩ ቃሉን ለፕሮግራሙ የሚያቀብልበት መንገድ ከሰርቨር ሰርቨር ይለያይ ነበር። በ1993 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሱፐርኮምፒዩተር ማዕከል ሰርቨር የጻፈው ሮብ መኩልና ሌሎች የሰርቨር ጸሐፊዎች በደብዳቤ ተወያይተው አንድ የጋራ ውል አወጡ። ስሙ ሲጂአይ ተባለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ «ሲጂአይ-ቢን» በሚባል ሣጥን ውስጥ ያለ ፋይል ሁሉ የሚነበብ ሳይሆን የሚሠራ ነው። «/ሲጂአይ-ቢን/ፈልግ/ታሪክ?ዓመት=1955» የሚል አድራሻ ሲመጣ ሰርቨሩ ለሦስት ይቈርጠዋል፤ «ፈልግ» የስክሪፕቱ ስም፣ «/ታሪክ» ተጨማሪ መንገድ፣ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው ደግሞ የጥያቄው ጽሑፍ ይሆናል። ሦስቱንም ለየብቻ ለስክሪፕቱ ያስረክበዋል። ስሙን ከዋጋው በእኩል ምልክት፣ አንዱን ጥንድ ከሌላው በ«&» የመለየት ልማድ የመጣው ከቅጽ ጋር ነው፤ በ1995 የወጣው ሁለተኛው የኤችቲኤምኤል ደንብም ይህንኑ ጽፎ አጸናው። ሲጂአይ ራሱ ግን በይፋ ሰነድ የወጣው በኦክቶበር 2004 ነው። ልማዱ ሕጉን በዐሥራ አንድ ዓመት ቀድሞታል።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ በሲጂአይ ዘመን የስክሪፕቱ የፋይል ስም የአድራሻው አካል ነበረ። በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ከዓለም ዳርቻ ሊጠራ ይችላል። ከሰርቨሩ ጋር ለምሳሌ ያህል የታደለ «ፒኤችኤፍ» የተባለ የስልክ ማውጫ መፈለጊያ ስክሪፕት የዚህን አደጋ አሳየ። ስክሪፕቱ ከአድራሻው የመጣውን ቃል ለኮምፒዩተሩ የትእዛዝ ተርጓሚ ያሳልፍ ነበር፤ ከማሳለፉም በፊት አደገኛ ምልክቶችን የሚያጠራ ፈንክሽን ነበረው። ያ ፈንክሽን ግን አንዱን፣ ማለት የአዲስ መስመር ምልክትን፣ ረስቶታል። በአድራሻው ላይ ይህን ምልክት በመቶኛ አጻጻፍ ጨምሮ ከኋላው የራሱን ትእዛዝ የጻፈ ሰው የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ፋይል ማንበብ ይችል ነበር። በ1996 በአሜሪካ ያለው የኮምፒዩተር አደጋ ማስተባበሪያ ማዕከል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ብዙዎቹ የሰርቨር ባለቤቶች ስክሪፕቱን ያስቀመጡት አስበውበት አልነበረም፤ ከዕቃው ጋር አብሮ መጥቶላቸው ነው እንጂ።

፫. የፈንክሽን ስም በአድራሻ ላይ

ሲጂአይ የሚጠራው ሙሉ ስክሪፕትን ነበር። የሚቀጥለው እርምጃ በስክሪፕቱ ውስጥ ያለውን አንዱን ፈንክሽን ለይቶ መጥራት ሆነ።

በ1996 ጂም ፉልተን የተባለ አሜሪካዊ የፓይተን ቋንቋ ባለሙያ ስለ ሲጂአይ ትምህርት እንዲሰጥ ታዘዘ። ነገሩን በደንብ የማያውቀው ስለ ሆነ በመንገድ ላይ ሰነዶቹን አነበበ፤ አስተምሮ ሲመለስም በአውሮፕላን ላይ ሆኖ ያላማረውን አስቦ የተሻለ ዘዴ መጻፍ ጀመረ። ከዚህ ጅምር «ቦቦ»፣ ከቦቦም በ1998 በነጻ የተለቀቀው «ዞፕ» ተወለደ። የፉልተን ሐሳብ ቀጥተኛ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ነገር በሌላው ውስጥ እንደሚገኝ ሁሉ የአድራሻው ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው። «/ማውጫ/ታሪክ/ፈልግ?ዓመት=1955» የሚል አድራሻ ሲመጣ «ማውጫ» የተባለው ነገር ይገኛል፣ በእርሱ ውስጥ «ታሪክ»፣ በዚያም ውስጥ «ፈልግ» የተባለው ፈንክሽን ይጠራል፤ «ዓመት» የተባለውም ግብአት 1955 ተብሎ ይሰጠዋል። ፕሮግራም ጸሐፊው ስለ አድራሻ ምንም ሳይጽፍ አድራሻ ያገኛል።

ታዲያ ሁሉም ፈንክሽን ከውጭ ሊጠራ ነውን? ፉልተን ይህን አስቦ ሁለት አጥር ሠራ። ስሙ በግርጌ ሰረዝ የሚጀምር ነገር አይጠራም፤ የማብራሪያ ጽሑፍ ያልተጻፈለትም አይጠራም። ሁለተኛው አጥር ብልሃት ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ለሥራ ባልደረባው ብሎ የጻፈው ማብራሪያ ሳያውቀው የውጭ በር ከፋች ይሆንበታል። ማስታወሻ ፈቃድ ሆነ ማለት ነው። በኋላ የመጣው ቼሪፓይ የተባለው የፓይተን ፍሬምዎርክ ይህን ትቶ ለሕዝብ የሚገለጠው ፈንክሽን ሁሉ በግልጽ ምልክት እንዲደረግበት ወሰነ።

ስሕተቱ በፈንክሽን ስም ላይ ብቻ አልቀረም። ራስሙስ ሌርዶርፍ በ1995 ያወጣው ፒኤችፒ ለጀማሪ እንዲቀል ብሎ ከጥያቄ ምልክት በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ስም በስክሪፕቱ ውስጥ ወዳለ ስም ይለውጠው ነበር። በአድራሻው ላይ «ዓመት=1955» ከተጻፈ በስክሪፕቱ ውስጥ ዓመት 1955 ሆኖ ይገኛል። ይህ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም አንድ ሰው ከራሱ አውጥቶ «ተፈቅዶለታል=1» ብሎ ቢጨምር፣ ስክሪፕቱም ይህን ስም አስቀድሞ ባዶ ያላደረገ ከሆነ፣ እንግዳው ራሱን ባለሥልጣን አደረገ ማለት ነው። ከ2002 ጀምሮ ይህ ልማድ ካልፈለጉት በቀር እንዳይሠራ ተደረገ፤ በ2012 ፈጽሞ ተሰረዘ። ለአሥራ ሰባት ዓመታት ያህል የቈየ ምቾት ነበር።

፬. የምልክቶች ምርጫ

እስካሁን ስለ በሩ ተናገርን፤ አሁን ወደ አጻጻፉ እንመለስ። አንድ የፈንክሽን ጥሪ ሦስት ነገር አለው፤ በምን ላይ፣ ምን ይደረግ፣ በምን ግብአት። በፕሮግራም ውስጥ «ማውጫ.ፈልግ(ታሪክ,1955)» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ወደ አድራሻ ለማዛወር በታሪክ አራት መንገዶች ተሞክረዋል።

አንደኛው ሁሉንም በእዝባር መለየት ነው፤ «/ማውጫ/ፈልግ/ታሪክ/1955»። ይህ አጭርና ለዐይን የሚያምር ነው፤ ጕድለቱ የግብአቱ ትርጕም በተራው ላይ ብቻ የተመሠረተ መሆኑ ነው። አንዱን መተው የፈለገ ሰው ሌሎቹን ያዛባል። ሁለተኛው ከጥያቄ ምልክት በኋላ በስም መጻፍ ነው፤ «/ማውጫ/ፈልግ?ዘርፍ=ታሪክ&ዓመት=1955»። ተራው ቢለወጥ ጕዳት የለም፤ አንዱ ቢቀርም ሌላው ይቆማል። ሦስተኛው በርነርስ ሊ በ1996 ያሰበበት የነጠላ ሰረዝና ነጥብ ምልክት ነው፤ «/ማውጫ;ዘርፍ=ታሪክ/ዓመት;ከ=1950;እስከ=1955»። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ የመንገድ ክፍል የራሱን ግብአት ይይዛል። ደንቡ ቢፈቅደውም ከጃቫ ዓለም ውጭ ብዙ ተከታይ አላገኘም። አራተኛው ቅንፍ ነው፤ በ2014 በኦአሲስ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ኦዳታ ፈንክሽንን «/ማውጫ/ፈልግ(ዓመት=1955)» በሚመስል አጻጻፍ ይጠራል። ይህ ወደ ፕሮግራሙ አጻጻፍ ከሁሉ የቀረበ ነው።

ከአራቱ መካከል በምን እንመዝን? መመዘኛው በደንቡ ውስጥ አለ። የአድራሻ ደንብ በዲሴምበር 1994 ወጥቶ፣ በኦገስት 1998 ታርሞ፣ በጃንዋሪ 2005 አሁን ባለው መልኩ ጸንቷል። በዚህ ደንብ ዘንድ መንገዱ የተዋረድ ቦታ ነው፤ ከጥያቄ ምልክት በኋላ ያለው ግን ተዋረድ የሌለው ነው። ልዩነቱም በቃል ብቻ አይደለም። በአንድ ገጽ ላይ ያለ አጭር ማያያዣ ሲተረጐም ብራውዘሩ መንገዱን በእዝባር እየቈጠረ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጥያቄውን ጽሑፍ ግን ይጥለዋል። ስለዚህ በእውነት አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ነገር በእዝባር፣ እንደ ማጣሪያ የሚያገለግል ግብአት በጥያቄ ምልክት መጻፉ ከማማር አልፎ ከማሽኑ አሠራር ጋር ይስማማል። የኋለኞቹ ፍሬምዎርኮች በአብዛኛው ወደዚህ መሰብሰባቸው በዚሁ ምክንያት ይመስለናል።

፭. ማንበብና ማዘዝ

ምልክቶቹ በትክክል ቢቀመጡም «ምን ይደረግ» የሚለው ክፍል አሁንም ጥያቄ ያስነሣል። «ፈልግ» እና «ሰርዝ» ሁለቱም የፈንክሽን ስሞች ናቸው፤ በአድራሻም ሲጻፉ መልካቸው አንድ ነው። ነገር ግን አንዱ ንባብ፣ ሁለተኛው ጥፋት ነው።

የድር መልእክት ከአድራሻው ጋር አንድ ግሥ ይዞ ይሄዳል። «ጌት» ስጠኝ ማለት ነው፤ «ፖስት» ተቀበል ማለት ነው። በሜይ 1996 የወጣው የኤችቲቲፒ ሰነድ ጌት ከማምጣት በቀር ሌላ ሥራ ሊያደርግ እንደማይገባው አስቀድሞ ጽፎ ነበር። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ግን ይህን እንደ ምክር ብቻ ቈጥረው «/መጽሐፍ/ሰርዝ/12» የሚል ተራ ማያያዣ በገጻቸው ላይ ያኖሩ ነበር። በ2004 የወጣውና በብዙዎች የተወደደው ሬይልስ የተባለው ፍሬምዎርክም የለመደው ቅርጽ ይኸው ነበር፤ መጀመሪያ የክፍሉ ስም፣ ቀጥሎ የፈንክሽኑ ስም፣ በመጨረሻ መለያ ቍጥር።

በሜይ 2005 ጎግል ዌብ አክሰለሬተር የተባለ ፕሮግራም አወጣ። ሥራው አንባቢ የሚያነበው ገጽ ላይ ያሉትን ማያያዣዎች ሳይነኩ በፊት ቀድሞ ማምጣት ነበር፤ አንባቢው በነካቸው ጊዜ ገጹ ቶሎ እንዲከፈት። ፕሮግራሙ ደንቡን አምኖ ማያያዣ ሁሉ ንባብ ነው ብሎ ያዘ። ስለዚህ «ሰርዝ» የሚለውንም ማያያዣ በጌት ጠራው። ሰዎች በገጾቻቸው ላይ ያኖሩት ነገር ማንም ሳያዝዝ ተሰረዘባቸው። አንዳንዶች ጥፋቱን በጎግል፣ ሌሎችም ደንቡን ባልጠበቁት ጸሐፊዎች ላይ አደረጉ። በእኛ አስተያየት ክርክሩ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ስም በሚቀመጥበት ቦታ ትእዛዝ የተቀመጠ እንደ ሆነ ስሙን የሚጠራ ሁሉ ሳያውቅ አዛዥ ይሆናል።

መድኀኒቱም ከሁለት አቅጣጫ ቀርቦ ነበር። በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል-አርፒሲ የፈንክሽኑን ስም ከአድራሻው ፈጽሞ አውጥቶ በመልእክቱ ሆድ ውስጥ አስገባው፤ ለሁሉ አንድ አድራሻ፣ ለሁሉም ፖስት። ይህ ትእዛዝን ከስም ቦታ አወጣ፤ ነገር ግን ስሙንም አብሮ አጠፋው። በመካከል ያለ መሸጋገሪያ ሰርቨር ንባቡን ከትእዛዙ መለየት አይችልም፤ የተነበበውንም አስቀምጦ ለሌላ አንባቢ ማቅረብ አይችልም። ሁለተኛውን መንገድ ሮይ ፊልዲንግ በ2000 ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አስረዳ። አድራሻው የነገሩ ስም ብቻ ይሁን፤ የሚደረገውን ደግሞ ጥቂት የታወቁ ግሦች ይናገሩ። እንግዲያውስ «/መጽሐፍ/12» አንድ ስም ነው፤ በጌት ይነበባል፣ በፑት ይተካል፣ በዲሊት ይሰረዛል። ሬይልስ በ2007 ይህን መንገድ ደገፈ፤ በ2010 በወጣው በሦስተኛው ዕትም ደግሞ የድሮው ሁሉን ጠሪ ቅርጽ ከሥራ ውጭ ሆኖ፣ ፈንክሽኖችን ሁሉ በጌት ተጠሪ እንደሚያደርግ የሚያስጠነቅቅ ማስታወሻ ተጻፈበት።

፮. የተለየ የስም መዝገብ

እስካሁን ያየነው የመጀመሪያውን ጕዳት፣ ማለት ያልታሰበውን በር ነው። ሁለተኛው ጕዳት የአድራሻ ሞት ነው። በርነርስ ሊ በ1998 መልካም አድራሻ አይለወጥም የሚል አጭር ጽሑፍ አውጥቶ፣ አድራሻ የሚሞተው ቴክኒካዊ ግዴታ ኖሮ ሳይሆን ስሙን ያወጣው ሰው ለነገ ስላላሰበ ነው ሲል ተከራከረ። በአድራሻው ውስጥ የፋይሉን ዐይነት፣ «ሲጂአይ» የሚለውን ቃልና የጸሐፊውን ስም መጻፍ ይቅር አለ፤ እነዚህ ሁሉ ነገ ይለወጣሉና። በአገራችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የድርን ስም ግን ብዙ ጊዜ ያወጣው ፕሮግራም ጸሐፊው በዚያን ቀን የያዘው መሣሪያ ነበር።

የኛን አገር የፖስታ አሠራር የሚያውቅ ሰው መፍትሔውን በቀላሉ ይረዳዋል። ደብዳቤ የሚላከው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ቍጥር ነው። ቍጥሩ ባለቤቱ በየትኛው ሰፈር እንደሚኖር አይናገርም፤ ሰውየው ቤት ቢለውጥ ሣጥኑ በነበረበት ይቈያል። ለድርም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ፣ ስምን ከቤት የሚለይ መዝገብ ነበር።

የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ ጀርመናዊው ራልፍ ኤንገልሻል በ1996 ለአፓች ሰርቨር የጻፈው ሞድ-ሪራይት ነው። የሰርቨሩ ባለቤት ውብ የሆነውን የውጭ አድራሻ ወደ ውስጠኛው አስቀያሚ አድራሻ የሚለውጥ ደንብ ይጽፋል። ነገር ግን ይህ ደንብ በሰርቨሩ ዘንድ እንጂ በፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ማንም አያውቅም።

ጃንጎ የተባለው ፍሬምዎርክ መዝገቡን ወደ ፕሮግራሙ አስገባው። ጃንጎ የተጀመረው በ2003 በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት በሎውረንስ ከተማ ጋዜጣ ክፍል ውስጥ በኤድሪያን ሆሎቫቲና በሳይመን ዊሊሰን ነው፤ ለሕዝብ የተለቀቀው በጁላይ 2005 ነው። የጋዜጣ ሰዎች ያለፈው ዓመት ጽሑፍ ዛሬም በቦታው እንዲገኝ መፈለጋቸው የሚገርም አይደለም። በጃንጎ አንድ የተለየ ገጽ አለ፤ በአንድ ወገን የአድራሻው ቅርጽ፣ በሌላው ወገን የሚጠራው ፈንክሽን ተጽፎበታል። በዚህ መዝገብ ያልተጻፈ ፈንክሽን ከውጭ አይጠራም። በሌላ አቅጣጫም ፕሮግራሙ ከፈንክሽኑ ተነሥቶ አድራሻውን ያገኛል፤ አድራሻ ቢለወጥ በመዝገቡ ላይ ብቻ ይታረማል። ቅርጾቹ መጀመሪያ ለማንበብ በሚያስቸግር የምልክት ቋንቋ ይጻፉ ነበር፤ በዲሴምበር 2017 የወጣው ሁለተኛው ዕትም «/መጻሕፍት/<ቍጥር:ዓመት>/» በሚመስል ግልጽ አጻጻፍ ተካቸው። በዚህ አጻጻፍ ዓመት ቍጥር ብቻ መሆን አለበት፤ ቍጥር ያልሆነ ነገር የጻፈ ሰው ፈንክሽኑ ዘንድ ሳይደርስ ከበሩ ይመለሳል። አርሚን ሮናኸር በ2010 ያወጣው ፍላስክም ይህንኑ ሐሳብ ይዞ መዝገቡን ወደ ፈንክሽኑ አቀረበው፤ አድራሻው ከእያንዳንዱ ፈንክሽን በላይ በአንድ መስመር ይጻፋል።

፯. የፊደላችን ድርሻ

የአድራሻ ደንብ ሲጻፍ የታሰበው በላቲን ፊደል ነበር፤ ከዚያ ውጭ ያለ ፊደል በመቶኛ ምልክት ተመሳጥሮ ይጻፋል። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ ገባ። አንዱ ፊደላችን በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በአድራሻ ላይ ሦስት ምልክት ይሆናል። እንግዲያው አንድ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ነው፤ «አዲስ_አበባ» የሚለው ስም ብቻውን 55 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። በጃንዋሪ 2005 የወጣ ሌላ ደንብ አድራሻ በማንኛውም ፊደል ለአንባቢ እንዲታይና ምስጢሩ ከውስጥ እንዲቀር ፈቀደ። የአማርኛ ውክፔዲያ አርእስቶች በብራውዘር ራስጌ በአማርኛ የሚነበቡት በዚህ ዐይነት ነው።

በፍሬምዎርኮች ዘንድ ግን ነገሩ ገና በየመዝገቡ ይታያል። ጃንጎ ከጽሑፍ አርእስት አጭር የአድራሻ ስም የሚያወጣ ፈንክሽን አለው፤ ይህ ፈንክሽን ካልተነገረው በቀር የላቲን ያልሆነውን ሁሉ ስለሚጥል የአማርኛ አርእስት ቢሰጠው ባዶ ይመልሳል። ዩኒኮድን እንዲጠብቅ የሚያዝዝ ምርጫ የተጨመረለት በዲሴምበር 2015 ነው። በመዝገቡም ላይ ለአጭር ስም የተዘጋጀው ቅርጽ የላቲን ፊደልን ብቻ ይቀበላል፤ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ማንኛውንም ጽሑፍ የሚቀበለውን ሌላውን ቅርጽ መምረጥ አለበት። ስለዚህ የአድራሻ አጻጻፍ ማን ስም ሊያወጣ እንደሚችልም ይወስናል።

፰. መደምደሚያ

ይህ ታሪክ ያለቀ የመሰለው ሰው ቢኖር በዲሴምበር 2018 የሆነውን ይመልከት። በቻይና የተሠራውና በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራው ቲንክፒኤችፒ የተባለው ፍሬምዎርክ የክፍሉንና የፈንክሽኑን ስም ከአድራሻው ይቀበል ነበር፤ የክፍሉን ስም ግን በሚገባ አልመረመረም። በአድራሻው ላይ በግራ ያዘነበለ እዝባር የጨመረ ሰው ለሕዝብ ካልታሰበ የፍሬምዎርኩ የውስጥ ክፍል ዘንድ ይደርሳል፤ በዚያም የተሰጠውን ማንኛውንም ፈንክሽን የሚጠራ ፈንክሽን አለ። ስለዚህ አንዲት የአድራሻ መስመር የሰርቨሩን ሙሉ ሥልጣን ለእንግዳ ታስረክብ ነበር። ከፒኤችኤፍ ሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ያው በር በሌላ ስም ተከፈተ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። ውስጣዊውን ስም ለውጭ መስጠት ሥራን ያቀላል፤ ቦቦም፣ ፒኤችፒም፣ የመጀመሪያው ሬይልስም የተወደዱት በዚህ ነው፤ ይህን ምቾት መናቅ አይገባም። ነገር ግን ምቾቱ የጸሐፊው ሲሆን ዕዳው የአንባቢው ነው። አንባቢ አድራሻውን በደብተሩ ይጽፈዋል፣ በመጽሐፉ ይጠቅሰዋል፣ ለወዳጁ ይልከዋል፤ ጸሐፊው ፕሮግራሙን ባደሰ ጊዜ ግን የሚደርስበት ያጣል። በመዝገብ ላይ አንድ መስመር ጨምሮ ስሙን አስቦ ማውጣት፣ የሚፈቀደውን ግብአት መወሰን፣ ንባብን ከትእዛዝ መለየት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። በየኮሌጃችን የድር ፕሮግራም የሚጽፉ ተማሪዎች ፈንክሽናቸውን ከመጻፋቸው በፊት ይህን መዝገብ ቢጽፉ፣ መምህራንም የተማሪውን ሥራ ሲመረምሩ መጀመሪያ ይህን ገጽ ቢጠይቁ፣ ከላይ የተቈጠረው ጕዳት አብዛኛው ከመነሻው ይቀራል።